በእሷ ቁጥር የገባው ብልቃጥ

ተማሪዎቹ «እትዬ መስኮት» ይሏታል። በፊቷ አይደፍሩም፤ ከኋላዋ ሲሏት ግን እየሰማች እንዳልሰማች ታልፋለች። የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር ናት። ክፍል ትግባ፣ ቢሮ ትግባ፣ ስብሰባ ትግባ፣ ከሰላምታ በፊት የምታደርገው ነገር መስኮት መክፈት ነው። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ብርድ የሚፈራ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የሚደርብ ሰው ስለሆነ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ ይዘጋል። እሷ ትከፍታለች፣ እሱ ይዘጋል። መምህራኑ ስብሰባው ሲሰለቻቸው ዛሬ ማን ያሸንፍ ይሆን እያሉ ይወራረዳሉ።

መስኮት የሚያስከፍታት ወላፈን የጀመራት የወር አበባዋ ካቆመ ወዲህ ነው። ከደረቷ ይነሳና አንገቷን፣ ጆሮዋን፣ ግንባሯን አዳርሶ ላብ በላብ አድርጓት ይሄዳል። ሲሄድ ደግሞ ብርድ ብርድ ይላታል። እሱስ ይሁን፣ እናቶቻችንም አልፈውበታል ብላ ችላዋለች። እረፍት የነሳት ሌላ ነገር ነው። ባለቤቷ ነው።

ባለቤቷ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ ቧንቧ» ይለዋል። ቀልደኛ ነው፣ ሥራው ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በእሱ ቤት አንዲት ጠብታ ያለ ፈቃድ አትወርድም። ይህ ሰው ከጥቂት ወራት ወዲህ እየቀጠነ መጣ። በቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ሳህኑን ሳይጨርስ ገፋ ያደርጋል። ሽንት ቤት ከገባ ቶሎ አይወጣም። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱን ቧንቧ ሊጠግን መጥቶ፣ እሷ ከቢሮዋ መስኮት ስታየው፣ ቱቦውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ደረጃው መሀል ተቀምጦ ነበር። ድሮ ያንን ቱቦ በትከሻው ተሸክሞ፣ እያፏጨ፣ ፎቅ ለፎቅ የሚዘልቅ ሰው ነው። 

«አንተ ሰው፣ ቀጥነሃል» አለችው ያን ዕለት ማታ።

«ጎረምሳ ሆንኩልሽ!»

«እየቀለድኩ አይደለም። ሐኪም ይይህ።»

«ሐኪም አንቺን ይይሽ። ስትገላበጪ የምታድሪው አንቺ ነሽ። ሆርሞንሽ ነው፣ እሜቴ።»

ይህ ሆርሞን የሚሉት ቃል ወደ ቤታቸው የገባው ከልጃቸው ጋር ነው። ከገባ በኋላ ግን ማን ያስወጣው! ሐሳብ ሲገባት ሆርሞን ነው። ስታለቅስ ሆርሞን ነው። ወጡ ላይ ጨው ስታበዛ እንኳ ሆርሞን ነው። የራሷ ሐኪም ጋ ሄዳ ስለ ባሏ ስትነግራት፣ ሐኪሟ በጥሞና ሰማቻትና «መጨነቅም ከምልክቶቹ አንዱ ነው» አለቻት። ባልየውን ደግሞ ለብቻው ጠርታ «እንዳትረበሽ አድርጉ፣ ከባድ ነገር አታሰሟት» አለችው። እሱ ከዚያ ወዲህ ቤት ሲገባ በጥፍሩ መራመድ ጀመረ። እሷ ደግሞ በጥፍሩ ሲራመድ ባየችው ቁጥር ይበልጥ ትረበሻለች።

አንዳንዴ ራሷንም ትጠራጠራለች። ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል፣ ምናልባት ሰውየው ምንም አልሆነም፣ ያመመኝ እኔ ነኝ ትላለች። ከዚያ ልብሱን ልታጥብ ስታነሳ፣ ቀበቶው ላይ ያንን አዲስ ቀዳዳ ስታይ፣ ልቧ እንደገና ይደነግጣል። ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ መቀመጥ አቃታት። ቆማ ትበላለች፣ እየተራመደች ስልክ ታናግራለች፣ የተማሪ ፈተና ስታርም ተነስታ ኮሪደሩን ዞራው ትመለሳለች።

ልጃቸው ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው በአንጀት ባክቴሪያ ላይ ነው። አባትየው ለሰው ሲናገር «ልጄ ላቦራቶሪ ውስጥ ናት» ይልና እዚያው ላይ ያቆማል። ምን እንደምትመረምር የጠየቀው የለም፤ ቢጠይቁትም የሚናገር አይመስለኝም።

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ ምሳ ላይ መጣችና ከቦርሳዋ አንዲት ብልቃጥ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ከክዳኗ ጋር የተያያዘች ትንሽ ማንኪያ አለቻት።

«እማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው፤ እንዳትስቂ።»

«ይሄ ምንድነው?» አለ አባት።

«ሰገራ መውሰጃ።»

«ከምግብ ጠረጴዛ ላይ አንሺልኝ!»

«ባዶ እኮ ነው አባዬ።»

«ባዶ ቢሆንም ሐሳቡ አለበት!»

ልጅቷ እየሳቀች ብልቃጧን ወንበር ላይ አወረደቻት። ለጥናቱ የወር አበባቸው ያቆመ ሴቶች ይፈለጋሉ፣ ሰው ደግሞ ይህን ነገር ስጡ ሲባል እንደ ሌባ ነው የሚሸሸው አለች። እናቷ የመጀመሪያዋ እንድትሆንላት ነው የመጣችው።

«የኔ ሰገራ ለምን ይረባል?» አለች እናት።

«ስሚ ልንገርሽ። ኤስትሮጅን፣ የሴት ሆርሞን የሚባለው፣ ሥራውን ሲጨርስ ጉበት ያሽገውና በአንጀት በኩል እንዲወጣ ይልከዋል። አንጀት ውስጥ ግን ያንን እሽግ የሚፈቱ ባክቴሪያዎች አሉ። ፈትተው መልሰው ወደ ደም ይለቁታል። በአንዲት ሴት ደም ውስጥ ምን ያህል ሆርሞን እንደሚኖር በመወሰን እነሱም ድርሻ አላቸው ማለት ነው።»

«ሆርሞኑ ራሱ ሲቀንስስ?»

«ያን ጊዜ እነሱም ይለወጣሉ። የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሴት አንጀት ባክቴሪያ የወንድ እየመሰለ ይመጣል የሚል ግምት አለን። እሱን ነው የምናጣራው።»

«አሁን ገባኝ» አለ ጋሼ ቧንቧ። «ሰሞኑን ተነስ፣ ተቀመጥ፣ ብላ እያለች የምታዘኝ ለካ ወንድ እየሆነች ነው።»

እትዬ መስኮት አልሳቀችም። «አባትሽስ? እሱም ይስጥ» አለች።

«ጥናቱ የሴቶች ነው፣ እማ።»

«ለጥናት አላልኩም። እንዲመረመር ነው።»

«እማዬ፣ እኛ ክሊኒክ አይደለንም። የምናየው ባክቴሪያውን ነው፣ በሽታ አንፈልግም።» ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «ከበሽታ ምልክት ደም መኖሩን ብቻ ነው የምናየው። ደም ያለበት ናሙና ውጤቱን ያዛባብናል። ስለዚህ ሁሉም ናሙና በዓይን የማይታይ ደም እንኳ ቢኖርበት የሚያሳይ ምርመራ ይደረግለታል። ከተገኘ ለሴትየዋ ተነግሯት ቶሎ ሆስፒታል ትላካለች።»

ጋሼ ቧንቧ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ይህን ወሬ እየሰማሁ አልበላም» ብሎ ተነሳ። ሳህኑ ከግማሽ በላይ እንዳለ ነበር።

ልጅቷ ብልቃጧን ለእናቷ ትታ ስትሄድ እትዬ መስኮት ባሏን ቱቦዎቹን በከመረበት ጓሮ ሄዳ አገኘችው። ለኔ ስትል ተመርመር፣ ምንም ከሌለብህ አፌን እዘጋለሁ፣ ሁለተኛ ስለ ቀበቶህ አላነሳም አለችው። ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ። «ተይኝ! ተይኝ አልኩሽ እኮ!» ብሎ የግቢውን በር አላትሞ ወጣ። ከተጋቡ ጀምሮ በር አላትሞ አያውቅም። ይኮራረፋሉ፣ ይነታረካሉ፣ ግን በር የሚያላትም ሰው አይደለም። እሷም እዚያው ቱቦዎቹ መሀል ቆማ ቀረች፤ ምንም የሌለበት ሰው እንዲህ አይቆጣም ስትል አሰበች። ልቧ የቆረጠው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ያደረገችውን ነገር ለማንም ምክትል ርዕሰ መምህር አልመክርም። ባሏ ቁርሱን በልቶ ወደ ሽንት ቤት ማማተር ሲጀምር ቀድማው ገባች። የሽንት ቤቱን ውሃ ለቀቀችና ማጠራቀሚያው ተመልሶ ሳይሞላ በጓሮ በር ወጥታ የግቢውን ዋና የውሃ መዝጊያ ጠረቀመችው። ከዚያ ኩሽና ገብታ፣ ሰሃን የምታጥብ መስላ፣ በደረቅ ጨርቅ ደረቅ ሰሃን እየፈተገች ጠበቀች።  ወላፈኑም ልክ በሰዓቱ መጣና ፊቷ ፍም መሰለ።

ሰውየው እንደ ልማዱ ቆየ። ከዚያ የማጠራቀሚያው እጀታ ቀጭ ሲል ሰማች። እንደገና ቀጭ አለ። 

«ውሃ የለም እንዴ?» አለ ከውስጥ።

«እኔ እንጃ! ሄዷል መሰለኝ።»

«በኔ ቤት ውሃ ዝም ብሎ አይሄድም!»

ቀበቶውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው የቧንቧ ቁልፉን አንስቶ ወደ ግቢ ወጣ። እሷም ጓንቷን አጥልቃ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ገባች። በዚያች ማንኪያ ያንን ሥራ ስትሠራ ሳቋም ለቅሶዋም አብሮ መጣ። ይህን ያህል ዓመት ያስተማረች፣ ስንቱን ኩረጃ የያዘች ሴት ዛሬ ራሷ ትሰርቃለች፤ የምትሰርቀው ደግሞ ይህንን ነው። ዓይኗን አፍጥጣ አየች፤ ምንም ቀይ ነገር አልታያትም። ብልቃጧን ከድና በሻንጣዋ ኪስ ወሸቀቻት።

«ማነው ይሄን የዘጋው?» የሚል ጩኸት ከግቢው መጣ። ወዲያው ማጠራቀሚያው ይንሿሿ ጀመር።

ብልቃጧ ላይ የተለጠፈው ቁጥር የእሷ ነው። ዕድሜዋን፣ የወር አበባዋ መቼ እንዳቆመ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ልጅቷ አስቀድማ ከቁጥሩ ጋር መዝግባለች። ስለዚህ ጋሼ ቧንቧ፣ ሳያውቅ፣ የወር አበባዋ ያቆመ ሴት ሆኖ ላቦራቶሪ ገባ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጥበቃ ከበፊቱ ባሰ። በፊት የማታውቀውን ትፈራ ነበር፤ አሁን መልሱ የሆነ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ እያወቀች መጠበቅ ሆነ። ስልክ በጠራ ቁጥር ትዘላለች። በስብሰባ ላይ መስኮቱን መክፈት ረስታ ርዕሰ መምህሩ «ደህና አይደለሽም እንዴ?» ብሎ ራሱ ተነስቶ ከፈተላት። ተማሪ ልትቆጣ ትጀምርና ምን ልትል እንደነበር ይጠፋባታል። አንድ ቀን ለባሏ ሁሉንም ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሱ ደግሞ «ምነው፣ ሞቀሽ?» ብሎ ተነስቶ በጋዜጣ ያራግብላት ጀመር። እንዲህ የሚያራግብልህን ሰው ምን ብለህ ትነግረዋለህ? 

ልጅቷ የመጣችው እየበረረች ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ከበሩ ጀምራ «እማ! አንደኛ ወጣሽ!» አለች።

እትዬ መስኮት የያዘችው ብርጭቆ ሊያመልጣት ነበር። «ምን ተገኘ?»

«እስካሁን ካየናቸው ሴቶች ሁሉ የአንቺን ያህል የወንድ የሚመስል የለም! ከወንዶቹ ናሙና ጋር ስናስቀምጠው መሀላቸው ገብቶ ቁጭ አለ። ፕሮፌሰሯ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ግምታችንን የሚደግፍ እንዲህ ያለ አላየሁም አሉ። እንዲያውም በጣም ስለበዛ ደግመን እናጣራው ብለዋል።»

ጋሼ ቧንቧ በሳቅ ፈረሰ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም። «አላልኳችሁም? በሉ እንግዲህ፣ ከነገ ጀምሮ ቱቦውን እሷ ትሸከም! እኔ መስኮት እየከፈትኩ እውላለሁ።»

«ደሙስ?» አለች እትዬ መስኮት።

«የቱ ደም?»

«የደም ምርመራ አለ ብለሽ አልነበር?»

«እሱ በሌላ ክፍል ነው የሚሠራው። ወረፋ ስላለ ገና አልደረሰም። አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን!» ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት። ሥራዋን በብዙ ሰው ፊት የምታቀርብበት ቀን ደርሷል፤ የእናቷን ውጤት በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ልታሳይ ነው።  የልጇ ደስታ በውሸት ላይ የቆመ ነው፣ ውሸቱም የራሷ ነው። ዛሬ ካልነገርኳት ልጄን በሰው ፊት አዋርዳታለሁ አለች በልቧ። ነገር ግን ዛሬ ብትናገር ብልቃጧ ትጣላለች፣ ደሙም ሳይታይ ይቀራል። ያ ምርመራ እስኪደርስ ብቻ፣ እሱ እስኪደርስ ብቻ እያለች ምላሷን ነክሳ ቆየች። የልጇን ሥራና የባሏን ነፍስ በሁለት እጇ ይዛ፣ አንዱን እንዳትጥል ሌላውን እያጠበቀች ነበር።

ሁለተኛው ውጤት ከማቅረቢያው ቀን ቀድሞ ደረሰ። ልጅቷ በዚያን ቀን አልበረረችም። በሩን ቀስ ብላ ከፈተች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ቦርሳዋን እንደ ወትሮው ሶፋ ላይ አልወረወረችም። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነው። ጋሼ ቧንቧ ኩሽና ውስጥ በርከክ ብሎ የእቃ ማጠቢያውን መገጣጠሚያ ያጠብቅ ነበር።

«እማ፣ ተቀመጪ።»

እትዬ መስኮት ተቀመጠች። ከስንት ጊዜ በኋላ ዝም ብላ ተቀመጠች። ሳይነገራት ገብቷት ነበር።

«ናሙናሽ ውስጥ ደም ተገኘ። ሁለት ጊዜ ደግመውታል። ምንም ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ቀላል ምክንያት አለው። ግን አንጀትሽ በካሜራ መታየት አለበት፣ ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ሆስፒታል ደውለው ቀጠሮ ይዘውልሻል።» ልጅቷ እስከዚህ ድረስ እንደ ተማረ ሰው ተናገረች፤ ከዚህ በኋላ ድምፅዋ ተሰበረ። «እማዬ፣ እየቀጠንሽ ነው? ይደክምሻል? ደም አይተሽ ታውቂያለሽ? ለምን አልነገርሽኝም?»

ከኩሽናው የብረት ድምፅ መጣ። ቁልፉ ከጋሼ ቧንቧ እጅ ወድቆ ነው። በሩ ላይ ብቅ ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«ደም?» አለ። «ደም እያየሽ ዝም አልሽ?»

እሷ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«ተናገሪ እንጂ! ሰው እንዴት በገዛ ሕይወቱ እንዲህ ይቀልዳል? እኛስ? እኛን ለማን ትተሽ ነው? ያን ሁሉ መገላበጥ፣ ያን ሁሉ እረፍት ማጣት እኔ ሆርሞን ነው እያልኩ... ተነሺ! ቀጠሮ ምን ያደርጋል፣ አሁኑኑ እንሄዳለን!» ጃኬቱን ፈለገ፤ ለብሶት ነበር። ጫማውን ግራና ቀኙን አፋልሶ አደረገ። «ቁልፍ! የቤቱ ቁልፍ የት ነው?» ይላል፣ ቁልፉ በር ላይ ተንጠልጥሎ።  እትዬ መስኮት በዚያች ሰዓት እንደወደደችው ወድዳው አታውቅም። እንደዚያም አሳዝኗት አያውቅም።

«እንዴት እንደሚያስፈራ አየህ አይደል?» አለችው ቀስ ብላ። «እኔ እንዲህ ሆኜ ነው የሰነበትኩት።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ብልቃጡ ውስጥ የነበረው የኔ አይደለም። ያንተ ነው።»

አልገባውም። ለልጅቷም አልገባትም። 

«ያን ቀን ውሃ የጠፋው እኔ ዘግቼው ነው» አለች። «አንተ ልትከፍት ስትወጣ ገብቼ ወሰድኩ። ተመርመር ብልህ እንቢ አልክ። ብለምንህ በር አላተምክብኝ። ሌላ ምን ላድርግ?»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እና... ያ ሁሉ የወንድ የመሰለው...»

«የወንድ ስለሆነ ነው፣ ልጄ። ይቅር በይኝ። ሥራሽን አበላሸሁብሽ።»

ከልጅቷ ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጣት፤ ሳይጨርስ ለቅሶ ሆነ። ጋሼ ቧንቧ ግን ጫማውን እንዳፋለሰ፣ በጓሮ በር ወጣ። በሩን አላላተመውም። እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራት።

ተከትላው ስትወጣ ከተከመሩት ቱቦዎች ላይ ተቀምጦ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ መሬት መሬት ያያል። ጩኸት ጠብቃ ነበር። አዋረድሽኝ፣ ገመናዬን አደባባይ አወጣሽው ይለኛል ብላ መልሷን ስታዘጋጅ ነው የመጣችው። እሱ ግን አልጮኸም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ክረምቱ ሲገባ።»

«ታያለህ?»

«አንዳንድ ቀን።»

እንግዲህ እውነት ነው። ስታየው የኖረችው ነገር በገዛ አፉ ሲወጣ ግድግዳውን ያዘች። ልክ ነበርኩ ብላ አልተደሰተችም። ተሳስተሽ ነው፣ ከራስሽ ነው የመጣው ቢላት ኖሮ እግሩን ትስመው ነበር።

«ታዲያ እንዴት አትነግረኝም? ለኔ? ለኔ እንዴት አትነግረኝም?»

«በምን አፌ ልንገርሽ?» ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። «አንቺ ያን ጊዜ እንቅልፍ አጥተሽ፣ በትንሽ በትልቁ ሆድ እየባሰሽ። ሐኪሟም ከባድ ነገር አታሰሟት አለችኝ። ይኼን ብነግራት ትፈርስብኛለች አልኩ። ከሆርሞኑ እስክትወጪ ልጠብቅ ብዬ ነው።»

«እስክወጣ?»

«አዎ። ሲያልፍልሽ፣ ረጋ ስትዪ፣ ልነግርሽ።»

«ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ታውቃለህ፣ አንተ ሰው?» ድምፅዋ ሳታስበው ጮኸ። «ዓመታት ነው የሚፈጀው! ዓመታት!»

አፉን ከፍቶ አያት። የልቡን ሲናገር ሁሌም እንደሚያደርገው፣ ቃሉን እንደ ልጅ አለስልሶ «ማን ነገረኝ?» አለ። «ከክረምቱ ጋር አብሮ የሚወጣ መስሎኝ ነበር።»

እትዬ መስኮት አጠገቡ ተቀመጠች። ቱቦው ተንሸራተተና ትከሻ ለትከሻ አጋጠማቸው። እሷን ላለማስደንገጥ ብሎ ደሙን ደብቆ ኖሯል። እሷ ደግሞ እሱ የደበቀውን ስታሸት እንቅልፏን አጥታለች፤ እንቅልፍ ባጣች ቁጥር እሱ ይበልጥ ይደብቃል። ይህን ስታስበው በማን ጥፋት እንደምትቆጣ ጠፋት። ጥርሷን ነክሳ በጡጫ ክንዱን መታችው፣ ደገመችው፣ ከዚያ ያንኑ ክንድ አቅፋ አለቀሰች። እሱም እስኪወጣላት ተዋት። አትረበሺ አላላትም።

«ያማል?» አለ ኋላ። «ያ ካሜራ።»

«ያስተኙሃል አሉ። አብሬህ ነኝ።»

ተነሳና ጫማውን አስተካክሎ አደረገ። ወደ ቤት ሲገቡ ልጅቷ ስልኳን በእጇ ይዛ መሀል ክፍል ቆማለች፤ ለፕሮፌሰሯ ደውላላቸው፣ አንስተዋል፣ እሷ ግን እያለቀሰች ነው። «ሄሎ? ሄሎ?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጋሼ ቧንቧ ስልኩን ከእጇ ወሰደ። በሌላ እጁ የሚስቱን እጅ ያዘ።

«ጤና ይስጥልኝ ፕሮፌሰር» አለ። «ያቺ ወንድ የመሰለችው ሴትዮ እኔ ነኝ። ቀጠሮውን በኔ ስም ያድርጉት።»